ተልባ፦ ለሕመም ቀን ብቻ ሳይሆን ለዘወትር ማዕድ

ብርዱ ሲበረታ በደጋው አካባቢ ጉንፋንና ሳል ያልገባበት ቤት አይገኝም። በዚህ ጊዜ እናቶች ተልባ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ለታመመው ያጠጣሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ ሆኖም ከተልባ የሚጠበቀውና የማይጠበቀው ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል።

የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲገባ ሰውነት ራሱን ለመከላከል ይቆጣል። ትኩሳቱ፣ የጉሮሮ ማበጡና ቁርጥማቱ የዚህ ምልክቶች ናቸው። ቁጣው በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፤ አልበርድ ሲል ግን ሳንባን ይጎዳል። ቁጣውን ከሚያቀጣጥሉትና ከሚያበርዱት ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹን ሰውነት የሚሠራቸው በምግብ ካገኘው ቅባት ነው። የሚያቀጣጥሉት በአመዛኙ ኦሜጋ 6 ከተባለው፣ የሚያበርዱት ደግሞ ኦሜጋ 3 ከተባለው ቅባት ይገኛሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የኑግ ዘይት በአብዛኛው ኦሜጋ 6 ነው። ከተልባ ቅባት ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ሲሆን፣ በፓልም ዘይት ውስጥ ግን ኦሜጋ 3 የለም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ተልባ ቫይረስ አይገድልም። ሰውነት ከተልባው ኦሜጋ 3 በዓሣ ዘይት ወደሚገኘው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ በሕዋሳት ውስጥ የሚጠራቀመውም በሳምንታትና በወራት ነው። ስለዚህ በሕመም ቀን ከሚጠጣ አንድ ኩባያ ይልቅ የዘወትር ማዕድ ይበልጣል።

ለአንድ አዋቂ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄት ቢታሰብ በዓመት 3 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 20 ኪሎ ግራም በቂ ነው። አርሶ አደሩ ምርቱን ሁሉ ሸጦ ዘይት ከመግዛቱ በፊት ይህችን ያህል ለቤቱ ያስቀር። ያልተፈጨ ፍሬ ሳይፈጭ ከሆድ ይወጣል፤ የተፈጨው ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ በፍሬው አስቀምጦ፣ የሳምንቱን ብቻ ለስለስ አድርጎ ቆልቶ መፍጨት ይሻላል። የተልባ ዘይት ለመጥበሻ አይሆንም።

ተልባ ከስንዴና ከገብስ ጋር ሲፈራረቅ የበሽታን ዑደት ይሰብራል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልም የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዘሩን ሲያቀርቡ አጠቃቀሙንም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቢያስተምሩ ጥቅሙ ድርብ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጠጣት ካቃተው ተልባ ሳይበጠበጥ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።