ፎርማት ሲደረግ ምን ይጠፋል? ምንስ ይቀራል?

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ፣ ቫይረስ ሲገባበት ወይም ባለቤት ሲቀይር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። አሮጌውን ማጥፋትም፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫንም በዚህ ቃል ውስጥ ተጠቃልለዋል። ልማዱ የተወለደው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ዘመን ነው። ዛሬ የሚሸጡት ላፕቶፖች ግን በአብዛኛው ኤስኤስዲ አላቸው። የሁለቱ ተፈጥሮ ስለሚለያይ፣ በአሮጌው ላይ ጥንቃቄ የነበረው ሥራ በአዲሱ ላይ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል።

ሃርድ ዲስክ መረጃውን የሚጽፈው ማግኔት በተቀባ ሰሃን ላይ ነው። በተጻፈበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ደርቦ ለመጻፍ የሚያግደው የለም። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ መረጃው የሚቀመጠው በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ በታሰሩ ኤሌክትሮኖች ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በቤል ላብስ የሚሠሩት ዳዎን ካንግ እና ሳይመን ስዜ፣ ዙሪያውን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሽፋን በታጠረ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያጠራቅም ትራንዚስተር ለዓለም አሳወቁ። መብራት ቢጠፋም ኤሌክትሮኖቹ መውጫ ስለሌላቸው እዚያው ይቆያሉ። የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ ይህን መርህ ፍላሽ ሜሞሪ አደረገው፤ ዛሬ ኤስኤስዲ የሚሠራበትን ናንድ የተባለውን ዓይነት ይፋ ያደረገው በ1987 ነው።

ታዲያ ኤሌክትሮኑ በማያሳልፍ ሽፋን ውስጥ እንዴት ይገባል? ሽፋኑ እጅግ ስስ ሲሆንና ወደ 20 ቮልት የሚጠጋ ግፊት ሲያርፍበት፣ በኳንተም ፊዚክስ ሕግ ኤሌክትሮኖች ወዲያ ማዶ ይገኛሉ። ሳይንቲስቶች ቴነሊንግ ይሉታል። ይህ መተላለፊያ ዋጋ ያስከፍላል፤ በተጻፈና በተሰረዘ ቁጥር ሽፋኑ ትንሽ በትንሽ ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴል ዕድሜው የተቆጠረ ነው። በአንድ ሴል ሦስት ቢት የሚይዘው ቲኤልሲ ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ ያህል ይሰረዛል፤ አራት ቢት የሚይዘው ኪውኤልሲ በአብዛኛው ከዚያ ያንሳል። ሦስት ቢት ለመያዝ ሴሉ 8 የቮልቴጅ ደረጃዎችን፣ አራት ቢት ለመያዝ ደግሞ 16 ደረጃዎችን መለየት አለበት። ደረጃዎቹ ሲቀራረቡ ጥቂት ጉዳት እንኳ ንባቡን ያዛባል።

ከዕድሜው በላይ ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። ኤስኤስዲ የሚጽፈው ፔጅ በተባለ ትንሽ ክፍል ነው፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት ነው። የሚሰርዘው ግን ብሎክን ነው፤ አንድ ብሎክ ደግሞ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ፔጆችን ይይዛል። የተጻፈበት ፔጅ ብሎኩ በሙሉ ካልተሰረዘ ዳግም አይጻፍበትም። ነገሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው የተሠሩ የኪራይ ቤቶችን ይመስላል፤ አንዱን ክፍል ለብቻው ማፍረስ ስለማይቻል የቀሩት ተከራዮች በሙሉ አስቀድመው ወደ ሌላ ግቢ መዛወር አለባቸው። ይህን የማዛወር ሥራ የሚሠራው በድራይቩ ውስጥ ያለ ኮንትሮለር የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው ሴል እንዳለ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ዊንዶውስ «ይህን እዚህ ቁጥር ላይ ጻፍ» ሲለው፣ ሴሎቹ እኩል እንዲያረጁ እያሰበ እሱ በመረጠው ቦታ ያስቀምጠዋል።

ችግሩ የሚመጣው ፋይል ሲሰረዝ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፋይሉን ከመዝገቡ ይፍቃል እንጂ ይዘቱን አይነካም። ኮንትሮለሩ ካልተነገረው የሞተውን መረጃ በሕይወት ያለ መስሎት ከብሎክ ወደ ብሎክ ይሸከመዋል፤ ድራይቩ ይዘገያል፣ ሴሎቹም ያለ ጥቅም ያልቃሉ። ለዚህ የተበጀው መፍትሔ ትሪም የተባለው ትዕዛዝ ነው። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ «እነዚህ ፔጆች አያስፈልጉም» ብሎ ለድራይቩ ይናገራል።

በኤስኤስዲ ላይ ንጹህ ጭነት ማለት እንግዲህ ኮንትሮለሩ ባዶ መሆኑን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ይህን ለማድረግ ረጅም ሥራ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ መጫኛው ካለበት ፍላሽ እንዲነሳ ይደረጋል፤ የድራይቩ ዝርዝር ሲመጣ ባለው ድራይቭ ላይ ያሉት አሮጌ ፓርቲሽኖች (የድራይቩ ክፍልፋዮች) ይሰረዛሉ፤ ከዚያ የሚቀረውን ባዶ ቦታ መርጦ መቀጠል ነው። የሚያስፈልጉትን ፓርቲሽኖች ዊንዶውስ ራሱ ይፈጥራል፣ በፈጣን ፎርማት ያዘጋጃል፣ ትሪምም ይልካል። ሙሉ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ድራይቩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፋል። በሃርድ ዲስክ ላይ የተበላሹ ቦታዎችን ስለሚያጋልጥ ትርጉም ነበረው። በኤስኤስዲ ላይ አንድ ጊዜ ቢደረግ ድራይቩን አይገድለውም፤ የሚጨምረው ነገር ግን የለም። ደጋግሞ ዊንዶውስ መጫን ኤስኤስዲ ይጨርሳል የሚለውም ስጋት ልክ አይደለም። ዋስትናው ለ300 ቴራባይት ጽሑፍ የሆነ ባለ500 ጊጋባይት ድራይቭ፣ አንድ ጭነት 30 ጊጋባይት ቢጽፍ እንኳ 10,000 ጭነት ይችላል።

አዲስ በሚባሉ ላፕቶፖች ላይ መጫኛው ምንም ድራይቭ ላያሳይ ይችላል። ከ11ኛው ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ባሉ ብዙ ማሽኖች ምክንያቱ ቪኤምዲ የተባለው ቅንብር ነው፤ የኢንቴልን ስቶሬጅ ድራይቨር በፍላሽ አዘጋጅቶ መጫን ይፈታዋል። «ኤስኤስዲው ተቃጥሏል» ቢባሉ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ይህ ይታይልዎ።

አሁን ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። በሃርድ ዲስክ ዘመን በስሕተት ፎርማት የተደረገ የሠርግ ፎቶ በማገገሚያ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ይገኝ ነበር። በኤስኤስዲ ላይ ትሪም ከተላከ በኋላ ድራይቩ ለዚያ ቦታ ባዶ መልስ ይሰጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ሴሎቹን ይሰርዛቸዋል። በተለመደው የማገገሚያ ሶፍትዌር የሚመለስ ነገር አይኖርም። ባክአፕ ከፎርማት በፊት እንጂ በኋላ አይሆንም። ድራይቩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ባለ48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍ አስቀድመው ይያዙ፤ ባዮስ ውስጥ ቅንብር ሲነካ ሊጠየቅ ይችላል። የአማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ ከሌለ የማይነበቡ ምልክቶች ይሆናሉ፤ ፎንቶቹንም ከፋይሎቹ ጋር ይቅዱ። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንትም ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ከአማራጭ ፎንቶች ዝርዝር የሚጨመር ሆኗል።

በሌላ በኩል፣ እንዲጠፋ የፈለጉት ነገር ላይጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ቺፖቹን በቀጥታ በማንበብ ኤስኤስዲዎችን መረመሩ። ፋይል ላይ ደጋግሞ መጻፍ ፋይሉን አላጠፋውም፤ ኮንትሮለሩ አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ስለሚያኖር አሮጌው ቅጂ ይተርፋል። እያንዳንዱ ድራይቭ ለተጠቃሚው የማይታይ ትርፍ ቦታም አለው፤ ከውጭ የሚላክ ጽሑፍ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ማዘዝ አይቻልም። ይባስ ብሎ፣ አንደኛው ድራይቭ የማጥፊያ ትዕዛዙን በትክክል ፈጽሜያለሁ ሲል መረጃው እንዳለ ተገኝቷል።

በእኔ እምነት አስተማማኙ መንገድ ሁለት ነገሮችን ማጣመር ነው። ድራይቩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኢንክሪፕሽን ይቆለፍ፤ ቁልፉ ሲጠፋ የተረፈው ቅሪት ለማንም የማይገባ ይሆናል። ለሌላ ሰው ከመተላለፉ በፊት ደግሞ የድራይቩ የራሱ የማጥፊያ ትዕዛዝ ይሰጥ። ይህ በብዙ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ፣ ወይም የድራይቩ አምራች በነፃ በሚሰጠው ሶፍትዌር ውስጥ ይገኛል።

የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የልጆች ፎቶ የነበረበትን ላፕቶፕ ሊሸጡ ወይም ለዘመድ ሊሰጡ ከሆነ፣ «ፎርማት ተደርጓል» በሚል መልስ አይርኩ። በድራይቩ የራሱ ትዕዛዝ መጥፋት አለመጥፋቱን ባለሙያውን ይጠይቁ፤ እዚያው ቆመው ሲሠራ ይመልከቱ።