ልጁን ማን ይጠብቅ?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጅ ጥበቃ ነው። እናትና አባት ለሥራ ሲወጡ ልጁን ማን ይጠብቅ? ዋጋውስ እንዴት ይከፈል? ደብተርና እርሳስ አቅርቡ። ጥቂት ሂሳብ አለብን።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ጠዋት ጠዋት የተማሪ ስም እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን አንዲት ተማሪ «አቤት» ሳትል ትቀራለች። ጓደኞቿን ስጠይቅ «እናቷ ገበያ ሄዳ ነው፤ እሷ ሕፃኑን ይዛ ቀረች» ይሉኛል። እናትየዋ «ለጥበቃ ሳንቲም አላወጣሁም» ትል ይሆናል። እውነቷን ነው፣ ሳንቲም አልወጣም። ዋጋው ግን ተከፍሏል። የከፈለችው ልጅቷ ናት፤ የከፈለችውም በትምህርቷ ነው። ስለዚህ በነጻ የተገኘ የሚመስለውን ጥበቃ ደግማችሁ አስቡት።

መጀመሪያ መብታችሁን እወቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥቷል። ለአባትም 3 ቀን ሰጥቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ተቀጣሪ ከሆናችሁ «ማቆያ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በጉልት የምትነግድ ወይም እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ግን ፈቃድ የሚሰጣት አለቃ የላትም። ለእርሷ ጥበቃው ከሰፈር መገኘት አለበት።

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። 90 ቀን ግን 3 ወር ነው። የቀረውን 3 ወር እንዴት እናድርግ? እናት እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ጡቷን በንጹህ ዕቃ አልባ፣ ከድና ትሂድ። ፍሪጅ ከሌለ ወተቱ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ከታለበም 4 ሰዓት ሳይሞላው ሕፃኑ ይጠጣው። በንጹህ ሲኒ ይጠጣ። ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል።

ሞግዚት ወይም ማቆያ ስትመርጡ በሰው ወሬ ብቻ አትመኑ። ሄዳችሁ እዩ። ሳትናገሩም በቀትር ብቅ በሉ። ውሃው ንጹህ ነው? የከሰል ምድጃው ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ነው? ቤቱ አየር ያገኛል? አንዷ ሴት ስንት ሕፃን ይዛለች? ሞግዚቷ ራሷ ልጅ እንዳትሆን ደግሞ ተጠንቀቁ። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የተጻፈው ለድርጅት ቢሆንም፣ ለቤታችንም መልካም ልክ ነው። የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ የእኛን ልጅ ብታሳድግ ምን ጥቅም አገኘን?

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንዲት እናት በወር 6000 ብር ታገኛለች እንበል። ሞግዚት ብቻዋን ብትቀጥር 3600 ብር ትከፍላለች እንበል።

6000 - 3600 = 2400

«ለ2400 ብር ብዬ ነው የምለፋው?» ብላ ሥራዋን ልትተው ትችላለች። ቆይ! ሦስት ጎረቤታሞች ተስማምተው አንዲት ሞግዚት ቢቀጥሩስ? 3600 ለ3 ሲካፈል 1200 ነው።

6000 - 1200 = 4800

እቁብ መጣልና እድር መግባት የምናውቅ ሰዎች ይህ አይከብደንም። ግን ሦስቱም ጨቅላ ከሆኑ ለአንድ ሰው ይበዛል። አንዱ ጨቅላ፣ ሁለቱ በእግራቸው የሚሄዱ ቢሆኑ ይሻላል።

አባቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ሂሳብ ከእናት ገቢ ብቻ የቀነስነው ለምንድነው? ልጁ የሁለታችሁ ነው። ወጪውም ከሁለታችሁ ገቢ ይውጣ።

በመጨረሻም የተስማማችሁትን ጻፉት። ትናንት ውላችን በቃል ነበር፤ በአውራ ጣትም እንፈርም ነበር። ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚመጣና እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚበላ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ቢታመም ማን እንደሚጠራ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ልጁን ማን መውሰድ እንደሚችል በስም ጻፉ። ሁለታችሁም ፈርሙ። ሞግዚቷ ማንበብ ካልቻለች አንብቡላት። ወደ መሠረተ ትምህርትም አብራችኋት ሂዱ።

የዛሬው መልመጃ ይህ ነው። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ባዶውን ቦታ እየሞላችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፦

ልጄን የሚጠብቅልኝ ... ነው።
በወር የምከፍለው ... ብር ነው።
ልጄን መውሰድ የሚችለው ... ብቻ ነው።

ትልቋ ልጃችሁስ? ነገ ጠዋት ስሟ ሲጠራ «አቤት» ትበል። በደህና ዋሉ።