እንጦጦ ወጥቼ ወርጄ ክብደቴ ለምን አልቀነሰም?

አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጽፋልኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ተነስታ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሯ ትወጣለች፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። «ቤተሰቦቼ በድብቅ ትበያለሽ ይሉኛል» ትላለች። ይህቺ አባባል ስላሳዘነችኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ዳገቱ የዋዛ አይደለም፤ ማርያም የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ደርሶ መልሱ የሚያቃጥለው በግርድፉ 500 ካሎሪ ቢሆን ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ወርደሽ ስኳር የተጨመረበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ከጠጣሽ ግማሹ ያህል ተመለሰ ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን አንጎል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን አገኘ። ሌፕቲንን የሚያመነጨው ስባችን ራሱ ነው። በደም በኩል ሃይፖታላመስ ወደተባለው የአንጎል ክፍል ሄዶ «ስንቅ አለ» ይላል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል፤ አንጎልም ጎተራዋ እንደጎደለባት ባልትና አዋቂ እናት ወጪ መቆጠብ ይጀምራል። ረሃቡ ይበረታል፣ ጡንቻ በትንሽ ጉልበት መሥራት ይለምዳል፣ ሰውነት በእረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ካሎሪ ይወርዳል። ድርቅና ረሃብ ለተፈራረቁበት የሰው ዘር ይህ ነፍስ አድን ነበር። የወፈረ ሰው ሌፕቲን የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሞልቶታል። አንጎሉ ግን መልእክቱን በደንብ አይሰማም። ለዚህ ነው ሌፕቲንን በመርፌ መስጠት ለአብዛኛው ሰው ያልሠራው።

ቁጠባው ደግሞ ቶሎ አይለቅም። በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ አብዛኛው ክብደታቸው ተመልሶ እንኳ ሰውነታቸው በእረፍት ላይ ሳለ ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል ነበር። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሆዳም ማለት ግፍ ነው።

መንገድሽ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ታያለሽ። ወገባቸው ጎብጦ፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ ጠብቆ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው የሚሸከሙት። «እንደነሱ ብንደክም እንደነሱ እንቀጥን ነበር» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልስማማም። ከሸክሙ ይልቅ ያከሳቸው የማዕዳቸው መሳሳት ነው። በታንዛኒያ ቀኑን ሙሉ እየተጓዙ አድነውና ለቅመው በሚኖሩት ሃድዛዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ የሰውነት መጠን ታሳቢ ሲደረግ የቀን የኃይል ወጪያቸው ቢሮ ተቀምጠው ከሚውሉ ምዕራባውያን ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ሰውነት በእንቅስቃሴ ካወጣው የተወሰነውን ከሌላ ሥራው ላይ የሚቀንስ ይመስላል።

«ታዲያ መውጣቱን ልተወው?» ብለሽኛል። በጭራሽ! ዳገቱ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ጡንቻሽ ስኳርን በደንብ እንዲጠቀም ያደርጋል፣ ሚዛኑ ባይነቃነቅ እንኳ ሆድ ዕቃን የከበበውንና ጉበት ላይ የተከማቸውን ስብ ይቀንሳል። የቀነሰ ክብደት እንዳይመለስም ያግዛል። ቅዳሜ ብቻውን ግን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ስለዚህ በሥራ ቀናትም ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጨምሪበት። በየቀኑ ሚዛን ላይ መውጣቱን ተዪውና የወገብሽን ዙሪያ በሜትር ለኪ፣ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለሽም ግፊትሽንና ስኳርሽን ታዪ። ቤተሰቦችሽ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያንብቡት።