ስለ ፋይበርግላስ ካሳፎርማና ስለ አርማታ መያያዝ

ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የደረሰ ሰው ከውጭ የሚያየው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ከዚያ የቀደመ አራት ማዕዘን ሕንፃ ያገኛል። ይህንን ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ጸሐፊ በ1955 እ.ኤ.አ. አይቶ ለውጭ አገር አንባብያን አስታውቋል፤ ለድጓ ተማሪዎች ግን ስፍራው አዲስ አልነበረም። እኛ ይህን ያነሣነው አንዱ ግንብ ሌላውን ስለ ከበበ ብቻ ሸክሙን እንደማይጋራው ለማሳየት ነው። ሸክም የሚጋሩት የተያያዙ ነገሮች ናቸው።

የእንጨት ካሳፎርማ አርማታው ሲደርቅ ይነሣል፤ እንዳይጣበቅም ዘይት ይቀባል። የፋይበርግላስ ካሳፎርማ ግን በፖሊመር የተያያዘ የመስተዋት ጭረት ስለ ሆነ አይዝግም፤ በዚህም ምክንያት ሳይነሣ ከወለሉ ሥር ቀርቶ የፌሮውን ሥራ እንዲሠራ ይታሰባል። እንግዲህ መሐንዲሱ በእርሱ ተማምኖ ፌሮውን ከቀነሰ በኋላ ሳሕኑ ከአርማታው ቢላቀቅ፣ ድልድዩ የሚተማመንበት ነገር ምንድን ነው?

ሳሕኑ ለስላሳና ውኃ የማይመጥ በመሆኑ የሲሚንቶው ልቁጥ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። አርማታውም ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ሸክም ሲመጣ ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። የአገራችን ጭቃ ለሳኝ ይህን ያውቃል፤ ጭቃው የሚይዘው በማገሩ መካከል ስለሚገባ ነው።

መድኃኒቱም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ጠጠር ወይም አሸዋ አስቀድሞ በኢፖክሲ በሳሕኑ ላይ ይጣበቅና ከደረቀ በኋላ አርማታው ይፈስስበታል። በዊስኮንሲን፣ አሜሪካ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በተሠራ ድልድይ ላይ እንዲሁ ተደርጓል። ሌላው ዘዴ አርማታውን ገና ባልደረቀ ኢፖክሲ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው፣ የሠራተኛው እግርና ቫይብሬተሩም ማጣበቂያውን ሊገፉት ይችላሉ። ስለዚህ እኛ የፊተኛውን እንመርጣለን። በሳሕኑ ላይ የሚወጡ አጥንቶችም ይረዳሉ፤ ሆኖም በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ስፍራ ሊላቀቅ ይችላል።

መያያዙ በቂ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ናሙና ሰብሮ የሳሕኑን ፊት መመልከት ነው። ፊቱ ንጹሕ ከሆነ መያያዙ ደካማ ነበር፤ ስስ የአርማታ ቅርፊት ከቀረበት ግን ማጣበቂያው በርትቶ የተሸነፈው አርማታው ነው። በሁለተኛው ጊዜ ኢፖክሲ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፤ በተራ የአየር ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይለሰልሳል። ከድልድይ ሥር ጥላ አለ፤ እሳት ሊነሣበት በሚችል ቤት ወለል ውስጥ ግን ፌሮውን ማስቀረት አይገባም።