በሐርለም የምትገኘው «አቢሲኒያ» ቤተ ክርስቲያን

በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ ሐርለም በሚባለው ስመ ጥር ሰፈር፣ በምዕራብ 138ኛው መንገድ ላይ አንዲት ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ስሟ «አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች» ይባላል። አቢሲኒያ ማለት የውጭ አገር ሰዎች «ሐበሻ» ከሚለው ቃል አውጥተው አገራችንን ሲጠሩበት የኖሩት ስም መሆኑን አንባቢያን ሁሉ ያውቃሉ። ታዲያ ይህ ስም ውቅያኖስ ተሻግሮ በዚያች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንዴት ሊጻፍ ቻለ? ነገሩ የሚጀምረው በአንድ መቀመጫ ጠብ ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ባፕቲስት ማለት ምን እንደ ሆነ ጥቂት እንበል። ባፕቲስቶች ከፕሮቴስታንት ክፍሎች አንዱ ሲሆኑ፣ ሕፃናትን አያጠምቁም፤ የሚያጠምቁት አድጎ በገዛ አፉ እምነቱን የመሰከረውን ሰው ነው። ጳጳስም የላቸውም። እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ ፓስተሩን የሚመርጡት፣ ገንዘቡን የሚያዋጡት፣ ቤቱንም የሚሠሩት ምእመናኑ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ አሠራሩ ለኛ አገር ሰው ከሀገረ ስብከት ይልቅ ወደ እድር ይቀርባል። የምንተርከውም ታሪክ ያለዚህ አሠራር ሊሆን ባልቻለ ነበር።

በ1808 በኒውዮርክ ባርነት ገና በሕግ የተፈቀደ ነበር። በ1799 የወጣው ሕግ ባርነትን ቀስ በቀስ እንዲቀር ቢያደርግም፣ ጨርሶ የተሻረው በ1827 ነው። ነፃ የሆኑት ጥቁሮች እንኳ ከነጮች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲጸልዩ መቀመጫቸው ተለይቶ ይሰጣቸው ነበር። በከተማው በነበረችው በፈርስት ባፕቲስት ቸርችም ልማዱ ይኸው ነበር። ጥቁሮቹ ምእመናን በእግዚአብሔር ቤት በቆዳ ቀለም መለየትን እምቢ ብለው ወጡ። በቦስተን ከተማ የጥቁሮች ባፕቲስት ጉባኤ ያቋቋመው ቄስ ቶማስ ፖል መጥቶ ረዳቸው፤ ዛሬ ወርዝ ስትሪት በሚባለው፣ በዚያን ጊዜ ግን አንቶኒ ስትሪት ይባል በነበረው መንገድ ላይ የራሳቸውን ጉባኤ አቆሙ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት እንደሚተርከው፣ ከወጡት ሰዎች መካከል ለንግድ ወደ ኒውዮርክ የመጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፤ ስሙም የወጣው ከነሱ አገር ነው። ይህን የሚነግረን ትውፊት እንጂ የንግድ መዝገብ አይደለም። ነገር ግን ስሙን ለመረዳት ሌላም መንገድ አለ። በዳዊት መዝሙር (በ68ኛው፣ በግእዙ ቁጥር በ67ኛው) ኢትዮጵያ በስሟ ተጠርታለች። የአሜሪካ ጥቁሮች ያን ቃል ስለ ራሳቸው እንደ ተነገረ ትንቢት አድርገው ይዘውት ነበር። ከአባቶቻቸው አገር በግድ ተነጥቀው ስማቸውንና ቋንቋቸውን ላጡ ሰዎች፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የጥቁር ሕዝብ አገር በክብር ተጠርታ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁንና አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል። በዚያው ዘመን አገራችን በዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች፤ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር፤ ባርነትም በምድራችን ነበረ፤ በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። የኒውዮርክ ጥቁሮች ግን በስማችን ነፃነትን ተመለከቱ። ስሙ በነሱ ዘንድ የተስፋ ስም ነበር እንጂ በአገሩ የሚደረገውን ሁሉ የሚገልጽ አልነበረም።

ጉባኤው ከመቶ ዓመት በላይ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወር ኖረ። በ1908 አዳም ክሌይተን ፓወል የሚባሉ የቨርጂኒያ ተወላጅ ፓስተር ሆነው መጡ። እኒህ ሰው ጥቁሮች ወደ ሐርለም በብዛት መግባታቸውን አይተው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም ሕዝቡን ተከትላ ትሂድ አሉ። ምእመናኑ መጀመሪያ ቢያመነቱም በመጨረሻ ተስማሙ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በ1923 ተመረቀ፤ ወጪውም ከ300,000 ዶላር በላይ ሆነ። ይህን ገንዘብ ያዋጡት ባለጠጎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች፣ ወጥ ቤቶች፣ አሳላፊዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ከደመወዛቸው አሥራት እያወጡ በ5 ዓመት ውስጥ ዕዳውን ከፍለው ጨረሱ።

ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣና በሐርለም ሥራ አጡ በዛ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለተራቡት ነፃ ምግብ ማደያ ከፈተች፤ ልብስና ማገዶም ታድል ነበር። በ1930 እና በ1931 ለትምህርት ኒውዮርክ የነበረው ወጣቱ ጀርመናዊ የሃይማኖት ሊቅ ዲትሪክ ቦንሆፈር በዚህች ቤተ ክርስቲያን ይጸልይ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ያስተምር ነበር። ይህ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ሂትለርን በመቃወሙ በ1945 በስቅላት ተገደለ።

በ1935 የኢጣልያ ጦር አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ ሐርለም ተነሣ። ለኢትዮጵያ መከላከያ የተጠሩ ስብሰባዎች በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ተደርገዋል። በሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያንም የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ሕዝቡ ስለ ኢትዮጵያ አስቀድሞ የነቃ ሆኖ ነበር ያገኙት።

በዚያው በ1937 አባትየው ጡረታ ወጡና ልጃቸው፣ እሱም አዳም ክሌይተን ፓወል የሚባለው፣ ተተካ። ልጁ ስብከቱን ወደ አደባባይ አወጣው። በ1941 የሐርለም ሕዝብ ጥቁር ሾፌር በማይቀጥሩት የአውቶቡስ ኩባንያዎች እንዳይሳፈር ከመሩት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ሕዝቡ በእግሩ ሄደ፤ ኩባንያዎቹም ጥቁሮችን ለመቅጠር ተስማሙ። በ1944 ለአሜሪካ ኮንግሬስ ተመረጠ፤ ከኒውዮርክ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር እንደራሴ ነው። በዚያም ያገኘው ያው የመቀመጫ ጠብ ነበር። የሚሲሲፒው እንደራሴ ጆን ራንኪን ከጥቁር ጎን አልቀመጥም ቢል፣ ፓወል ራንኪን ወደ ተቀመጠበት እየሄደ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ለነጮች ብቻ ተለይተው ወደ ነበሩት የምክር ቤቱ የምግብ አዳራሾችም ጥቁር ሠራተኞቹን ይዞ ገባ።

በ1946 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን መጥተው ለፓወል የኢትዮጵያ መስቀል ሰጡት። ያ መስቀል የቤተ ክርስቲያኒቱ መለያ ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

ፓወል እንከን የሌለበት ሰው አልነበረም። በመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ተወቅሶ በ1967 ምክር ቤቱ መቀመጫውን ከለከለው። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሕዝብ በሕግ የመረጠውንና በሕገ መንግሥቱ የተጻፈውን የሚያሟላ ሰው ምክር ቤቱ ሊያግደው አይችልም ብሎ ፈረደ። በ1972 አረፈ።

ከሱ በኋላ ሳሙኤል ፕሮክተር፣ ቀጥሎም ካልቪን ባትስ በፓስተርነት አገለገሉ። በባትስ ዘመን፣ በ1989፣ ጉባኤው የልማት ድርጅት አቋቁሞ በሐርለም የመኖሪያ ቤቶች ሠራ፤ ትምህርት ቤትም እንዲከፈት ረዳ። ኢትዮጵያ 2000 ዓ.ም.ን ስትቀበል ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ የ200 ዓመት በዓሏን ለማክበር ስትዘጋጅ ነበርና፣ ከመቶ በላይ የሆኑ ምእመናኗ ወደ አገራችን መጡ። ባትስ እስከ 2022፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ አገልግለዋል።

እንግዲህ እነዚያ የ1808 ሰዎች የፈለጉት በጸሎት ቤት ከሌላው ሰው እኩል መቀመጥ ብቻ ነበር። ያን በከለከሏቸው ጊዜ ከትንሽ ገቢያቸው እያዋጡ የራሳቸውን ቤት ሠሩ፤ ከዚያም የተራበ አበሉ፣ ሥራ አስከፈቱ፣ እንደራሴ ላኩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ የተሸከሙት የአገራችንን ስም ነው። ስሙን ሲመርጡ አገሩ ሰው ሁሉ እኩል የሚሆንበት ነው ብለው አምነው ነበር። እምነታቸው እውነት ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ የነሱ ሳይሆን በስሙ የምንጠራው የኛ ሥራ ነው።