የብርጭቆው ቂጥ ምን ይላል?

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በአዲስ አበባ መንደሮች ሲሰማ ያረጀ ብረት፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ከየጓዳው ይወጣል። አንዳንዴ ከጠርሙሱ ጋር ከአያት ቡፌ የወረደ፣ አበባ የተሳለበት፣ አፉ ወርቅ የተቀባ ብርጭቆም አብሮ ይሄዳል። መንገዱ የታወቀ ነው። በተክለ ሃይማኖት በኩል መርካቶ ይገባል፣ ከዚያ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ዕቃ በሚዛንና በክርክር ይሸጣል፤ የብርጭቆን ዕድሜ ግን ሚዛን አይናገርም።

የባሕር ማዶ ብርጭቆ ለዚህ ምድር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል በግብፅ የተሠራ የብርጭቆ ዕቃ ይጠቅሳል። ለቤተሰብ ቡፌ የደረሰው ግን በቅርብ ነው። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ተሰባሪ ዕቃ በጭነት ከብት ጀርባ ከመንገላታት ዳነ።

ሻጭ ስዕሉን ያሳያል፤ አዋቂ መጀመሪያ ይገለብጠዋል። በአፍ ተነፍቶ የተሠራ ዕቃ ከብረት ዘንጉ ሲላቀቅ ቂጡ ላይ ሸካራ ጠባሳ ይቀራል። ባለሙያው ሞርዶት ከሆነም ቦታው ለስላሳ፣ ጎድጎድ ያለ ክብ ይሆናል። በቅርጽ ማውጫ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ላይ እንደ ሱሪ ስፌት የሚወርድ ቀጭን መስመር አለው። ለዓመታት ጠረጴዛ የፋቀው እግር ጭረቱ የተዘበራረቀ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት እንዲያረጅ የተደረገው ደግሞ እንደተበጠረ ጸጉር ባንድ በኩል ይተኛል።

ከዚያ ጣት ወደ ስዕሉ ይሄዳል። በደንቡ የተሠራ ስዕል የተፈጨ ባለቀለም መስታወት በዘይት ተለውሶ የተቀባ፣ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ በሚደርስ የምድጃ ሙቀት ከብርጭቆው ጋር የተዋሐደ ነው። ሲዳሰስ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ በጥፍርም አይላጥም። እሳት ያላየ ቀለም ይቀረፋል። ታትሞ የተለጠፈው በማጉያ መነጽር ሲታይ ብዙ ጊዜ እንደ ጋዜጣ ፎቶ ነጠብጣብ ይሆናል። የእጅ ሥራ ከሆነ የብሩሹ መንገድ ይታያል፤ ስድስት ብርጭቆ ላይ ያሉ ስድስት ጽጌረዳዎችም ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

በዚህ ሙያ ስሟ የገነነው ቦሄሚያ ናት፤ የዛሬዋ ቼክ አካል። ሞዘር የተባለው ዝነኛ ቤት በካርሎቪ ቫሪ ከተማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ብዙ የድሮ ዕቃ ምንም ምልክት የለውም፤ ሲኖረው ግን ይጠቅማል። ቼኮዝሎቫኪያ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ምኒልክ ያረፉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913። ስለዚህ ይህ የአገር ስም ቂጡ ላይ ታትሞ ከተገኘ «ከእምዬ ምኒልክ ግብር የተረፈ ነው» የሚለው የቤተሰብ ወሬ እዚያው ያበቃል። ብርጭቆው አልዋሸም፤ የዋሸው ምናልባት አጎት ነው።

ብርጭቆው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ከሆነ የሱቅ ሰዎች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ይበራበት። ዮሴፍ ሪድል የተባለ የቦሄሚያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ዩራኒየም ጨምሮ ያወጣውን ቢጫ መስታወት በሚስቱ በአና ስም ጠርቶታል። እንዲህ ያለው ብርጭቆ በዚያ ብርሃን ደማቅ አረንጓዴ ይፈካል። ዛሬም የሚሠሩት ስላሉ ግን መፍካቱ ብቻውን ዕድሜን አያረጋግጥም።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የተባለው ለጠጅ ጠጪ ነው። መጠጫ መሆኑ ቢቀርም፣ ስዕሉ ሙሉ የሆነ የነቃ ዕቃ ስለ አሠራሩ ብዙ ይናገራል። የሚያሳዝነው ቀለሙን የሚጨርሰው አጠባ መሆኑ ነው። በሽቦና በአመድ የተፈተገ የወርቅ ጠርዝ አይመለስም። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳፋው ውስጥ ከታች ደግሞ የታጠፈ ፎጣ ይበቃዋል።