በሰሌዳ ቀዝፎ ሐይቅ ዳር ማደር

ሳምንቱን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ሲታገል የሰነበተ ሠራተኛ፣ ወይም ፈተናውን ጨርሶ ደብተሩን የከደነ ተማሪ፣ ዐይኑ የሚያርፍበት ሰፊ ውሃ ቢናፍቅ የሚያስገርም አይደለም። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ከጓደኛዎ ጋር ተማክረው፣ ድንኳንና ስንቅ በሰሌዳ ላይ ጭነው፣ አንድ ሌሊት ሐይቅ ዳር ለማደር አስበው ይሆናል። ሐሳብዎ መልካም ነው። ነገር ግን ከመነሣትዎ በፊት ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት አይጎዱም።

ሰሌዳ የምንለው ሰው ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ የሚነዳውን፣ በውጭ አገር ፓድልቦርድ የሚባለውን ነው። የስፖርቱ ሥር ያለው በሐዋይ ደሴቶች ነው። በዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ ሞገድ ላይ መንሸራተትን ያስተምሩ የነበሩ ሰዎች በሰሌዳቸው ላይ ቆመው ይቀዝፉ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነገሩ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኖ በዓለም ተሠራጨ። ለእኛ አገር ሰውም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የጣና ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንጨቱንና እህሉን ጭኖ ሲቀዝፍ ኖሯል።

ይሁን እንጂ ለአንድ ሰዓት ተጫውቶ መመለስና ዕቃ ጭኖ ሄዶ ማደር አንድ አይደሉም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በየብስ ላይ ያልታሰበ ነገር በውሃ ላይ ሊታሰብ አይችልም።

ስለ ቦታው

ላንጋኖን ለምሳሌ እናንሣ። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በሞጆና በባቱ መንገድ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ይጠጋል፤ ስፋቱ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ቦታ ከ40 ሜትር ያልፋል። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ይህም በውስጡ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የተነሣ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ወደ ታች የሰመጠ ነገር ለዐይን አይታይም። ከሰሌዳዎ ላይ የወደቀ ስልክ እንደ ጠፋ ይቁጠሩት፤ ድንጋይ መኖር አለመኖሩን ሳያውቁም በራስዎ ተወርውረው አይግቡ።

ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው እየተባለ ሰው ሲዋኝበት የኖረ ሐይቅ ነው። በጣናና በዝዋይ ሐይቆች ግን በሽታው መኖሩ በምርመራ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ከከተማ ከመውጣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። ሲደርሱም ለማደር ካሰቡበት ስፍራ ባለቤት ወይም ከቀበሌው ፈቃድ ይቀበሉ። ከዚያ ዓሣ አጥማጆቹን አግኝተው፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣና ጉማሬ የሚወጣበት ስፍራ እንዳለ ይጠይቋቸው። ከእነርሱ ጋር የሚያሳልፉት ሩብ ሰዓት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ስለ ነፋሱ

በዚህ ጉዞ ከጥልቀቱ ይልቅ ሊፈሩት የሚገባው ነፋሱን ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ብዙውን ጊዜ ጧት ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቶ ይታያል፤ ፀሐይ ምድሩን እያሞቀች ስትሄድ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላም ማዕበሉ ይበረታል። በሰሌዳ ላይ የቆመ ሰው መላ አካሉ እንደ ጀልባ ሸራ ስለሚሆን ነፋሱ ወደ ወደደው ይገፋዋል። ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ጀማሪ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ብርቱ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት ግን እየቀዘፈ እንኳ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ከሁሉ የሚያታልለው ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው ነው። ዛፉና ጉብታው ስለሚከልለው ከዳር ያለው ውሃ ጸጥ ብሎ ይታያል። እርስዎም ጸጥታውን አምነው ይገባሉ። ነፋሱ ከጀርባዎ ስለሚገፋዎ ሰሌዳው ያለ ድካም ይሮጣል፤ «ለካስ ጎበዝ ነኝ» ብለው ይደሰታሉ። ነገሩ የሚገባዎት ለመመለስ ዘወር ሲሉ ነው። ያን ጊዜ ዳሩ ርቋል፤ ማዕበሉ ተነሥቷል፤ ክንድዎም ዝሏል። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ ሐይቁን ለመሻገር አይመኙ። የመጀመሪያ ጉዞዎ ዳር ዳሩን 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዳርም ከ50 ሜትር አይራቁ። ከመግባትዎ በፊት ጭስና የዛፍ ቅጠል ወዴት እንደሚያዘነብሉ ይመልከቱ፤ ወደ ሐይቁ ካዘነበሉ ጉዞውን ያቆዩት። በውሃ ላይ ሳሉ ነፋስ ቢይዝዎ ተንበርክከው ይቅዘፉ፤ ቢብስም መቅዘፊያውን በደረትዎ ሥር አድርገው፣ በሆድዎ ተኝተው በእጆችዎ ይቅዘፉ። ሰሌዳዎን ትተው ለመዋኘት ግን ፈጽሞ አይሞክሩ። ሰሌዳው አይሰምጥም፣ ከሩቅም ይታያል፤ የሰው ራስ ግን በማዕበል መካከል አይለይም።

ስለ ዕቃው

አስቀድሞ፣ ዋና የማይችል ሰው ይህን ጉዞ ይተወው። የሚችልም ቢሆን የሕይወት አድን ጃኬቱን ይልበሰው እንጂ በሰሌዳው ላይ አስሮ አይሂድ፤ ወድቆ ማዕበል የመታው ሰው ያን ፈትቶ ለመልበስ ጊዜ አያገኝም። እግርን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘው ገመድም እንደዚሁ አስፈላጊ ነው፤ ሰሌዳው በነፋስ ከእርስዎ ፈጥኖ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ይህ ግን ለሐይቅ ነው። በሚወርድ ወንዝ ላይ የእግር ገመድ በግንድ ወይም በድንጋይ ተይዞ ሰውን ከውሃ በታች ሊያስቀር ስለሚችል፣ በዚያ የሚያስፈልገው ከወገብ ላይ በአንድ ጊዜ ተስቦ የሚፈታው ዐይነት ነው።

ለጉዞ የሚመቸው ሰሌዳ ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል አካባቢ ሲሆን፣ በአየር የሚነፋው ዐይነት ተጠቅልሎ በጀርባ ይያዛል። ዋጋው ለወር ደመወዝተኛ የሚቀመስ ስላልሆነ፣ ጓደኛሞች ዕቁብ ጥለው ቢገዙትና በየተራ ቢጠቀሙበት ይሻላል። የሚሸከመው ክብደት በላዩ ወይም ከመመሪያው ላይ ተጽፏል። የራስዎ ክብደት 65 ኪሎ፣ ዕቃዎ 15 ኪሎ ቢሆን በጠቅላላው 80 ኪሎ ነው፤ ይህ ከተጻፈው ልክ በደንብ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ዕቃውን በሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ከረጢት ድንኳኑ፣ የመኝታው ልብስና ደረቅ ቅያሪ ይግቡ፤ ይህ ከረጢት ውሃ የማያስገባ ይሁን፤ ከማደሪያዎ ሳይደርሱም አይከፈት። በሁለተኛው ምግብና ማብሰያ ይሁኑ። ሦስተኛው ትንሽ ሆኖ ከእጅዎ ሳይርቅ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ፊሽካ፣ ባትሪ፣ የሰሌዳው መጠገኛ፣ እንዲሁም ውሃ በማያስገባ ማኅደር የታሸገ ስልክ ይያዝ። ከባዱን ከመካከል፣ ዝቅ አድርገው፣ ይሰሩት።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፈተና አንድ ነው። ዕቃውን እንደ ጫኑ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆን ብለው ይውደቁ። የመካከሉን መያዣ ጨብጠው፣ እግርዎን እየመቱ፣ በሆድዎ ተስበው ይውጡ። አምስት ጊዜ ወድቀው አምስት ጊዜ መውጣት ካልቻሉ ለመሄድ አልደረሱምና ልምምድዎን ይቀጥሉ።

ስለ ስንቁ

የላንጋኖን ውሃ አፍልቼ እጠጣለሁ ብለው አይመኑ። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ጨውና ፍሎራይድ አያስወጣም። ስለዚህ የሚጠጡትን ይዘው ይሂዱ፤ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ይቁጠሩ፤ አንድ ሊትርም አንድ ኪሎ መሆኑን በጭነቱ ሒሳብ አይርሱ።

በምግብ ረገድ ከእናቶቻችን ጓዳ የሚበልጥ የመንገድ ስንቅ የለም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ድርቆሽ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ብዙ ማገዶም አይፈልጉም። እሳት ካስፈለገ እንጨት ከአካባቢው ሰው ይግዙ፤ የሸለቆው ግራር በከሰል ምክንያት የሳሳ ስለ ሆነ በገጀራ አይንኩት።

ስለ ሌሊቱ

በዚህ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በፊት ድንኳንዎ ተተክሎ ይደር። ከውሃው ጥቂት ከፍ ካለ ስፍራ ይሁን፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ፣ ወደ ውሃ የሚወርድ የተረገጠ ጎዳና ያለበትን ስፍራ ይሽሹ። ሰሌዳውን ከውሃ አውጥተው፣ ገልብጠው፣ ከዛፍ ጋር ይሰሩት፤ አለዚያ የሌሊት ነፋስ ይዞት ሄዶ መመለሻ ያሳጣዎታል። በቀን ደግሞ በፀሐይ ላይ ትተው አይሂዱ፤ በውስጡ የታመቀው አየር ሲሞቅ ስለሚወጠር ስፌቱን ሊፈታው ይችላል። የተረፈ ምግብዎን ዘግተው ያስቀምጡ፤ ዝንጀሮና ጅብ ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ስፍራው የወባ አገር ስለ ሆነ አጎበርዎን ይዘርጉ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ እሳት ዳር ተቀምጠው ከዋክብቱን ይመልከቱ፤ የመጡት ለዚህ ነውና።

ስለ መመለሻው

ጉዞው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመመለሻው ነው። እሑድ ጧት ቡና ተፈልቶ፣ ጨዋታ ደርቶ፣ ሳይታወቅ 5 ሰዓት ይሆናል። ውሃው ይነሣል። ያን ጊዜ «ሰኞ ጧት ቢሮ መግባት አለብኝ» የሚለው ሐሳብ ይመጣና፣ ሊታገሡት የሚገባውን ነፋስ እንዲደፍሩ ይገፋፋዎታል። ሰውን ወደ አደጋ የሚነዳው ድፍረት ብቻ አይደለም፤ የአለቃ ቁጣ መፍራትም ነው።

ስለዚህ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ሰሌዳዎ ከውሃ ላይ ይሁን፤ እስከ 3 ሰዓት ከተነሡበት ይደርሳሉ። ካልሆነልዎ አየሩን አስወጥተው፣ ሰሌዳውን ጠቅልለው፣ ዳር ዳሩን በእግርዎ ይመለሱ። አጭሩን መንገድና የዳሩን ጉዞ የመረጥንልዎ ለዚህም ጭምር ነው። ከተቻለም ሰኞ በዓል የሚውልበትን ሳምንት ይምረጡ፤ ወይም የአንድ ቀን ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ።

በመጨረሻም ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ስፍራውን፣ አብሮዎት የሚሄደውን ሰው ስምና የሚመለሱበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ለእናትዎ ወይም ለወንድምዎ ይስጡ። «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልሁ ለእገሌ ደውሉ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩበት። ይህን ወረቀት ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰኞ አንድ ቀን ቀርቶ የተቆጣ አለቃ ማክሰኞ ይበርዳል፤ ውሃ የወሰደው ሰው ግን ማክሰኞም አይመጣም።

መልካም ጉዞ፣ መልካም አዳር ይሁንልዎ።